ከአርባ ሰባት ኪሎ ሜትር ርቀት የተለካ ቀዳዳ

ለክቡር ኢንጂነር ሙምታዝ ሐልዋኒ
የጠቅላይ ግዛቱ የተዋሐዱ ንድፎች መምሪያ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የኢዝበት ኑዋርን የእግረኛ ድልድይና የኡስታ በርሱምን ስም ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ይልቁንም ዓይንዎን ደኅና ያድርግልዎ፤ ባለፈው መስከረም በቦዩ ዳር ቆመው ሃያ ዘጠኝ ብሎኖች ከፊትዎ አልገባም ሲሉ እያዩ «ንድፉ ላይ ችግር አይታየኝም» ማለትዎን በጆሮዬ ሰምቻለሁና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ዓይንዎ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እኔ ናግላ ሩሽዲ እባላለሁ። በገበያው ከተማ ከዘር መሸጫው ሱቅ በላይ ባለችው ባለሁለት ክፍል ቢሮ ተቀምጬ ለብረት ሠሪዎች በኮምፒውተር ንድፍ ስነድፍ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ስሜን ላያስታውሱት ይችላሉ። የኢዝበት ኑዋርን ድልድይ የነደፍኩት እኔ ነኝ። ሃያ ስምንት ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሁለት ግማሽ ተሠርቶ መሐል ላይ በብሎን የሚገጣጠም የብረት መሻገሪያ ነው፤ መንደሩ ከቦዩ ወዲህ፣ ትምህርት ቤቱ ከቦዩ ወዲያ በመሆኑ፣ ሰዉም እስከ ዛሬ የሚሻገረው በሽቦ ገመድ በሚጎተት ጠፍጣፋ ጀልባ በመሆኑ፣ ለዓመታት ሲለመን የኖረ ድልድይ ነው። ቅሬታ የለኝም። ያለኝ ምስጋና ነው፤ በቁጥር ለይቼ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰርኩላር ቁጥር አሥራ አራት አመሰግናለሁ። በዚህ ሰርኩላር በጠቅላይ ግዛቱ የሚነደፍ ማናቸውም ነገር ልኬቱ በመሥሪያ ቤትዎ ግቢ ከቆመው በኖራ ከተቀባው የቀያሾች ድንጋይ እንዲጀምር አዝዘዋል። ለመንገድና ለቦይ መልካም ትእዛዝ ነው፤ አልዋሽም። መንገድ በአገር ውስጥ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። የሻይ ትሪ የምታህል ላሜራ ግን ቀዳዳዋ የት እንደሚበሳ ለማወቅ አርባ ሰባት ኪሎ ሜትር ተጉዛ ድንጋይዎን እጅ መንሳት እንዳለባት የተማርኩት ከእርስዎ ነው። በእኛ ሙያ የንድፍ ፕሮግራሙ ዜሮ የሚላት አንዲት ነጥብ አለች፤ እኛም ሥራችንን እዚያችው አጠገብ እንሠራለን። እኔም የምሥራቁን መሠረት ማዕዘን ዜሮ አደረግሁ፤ ይህ ማዕዘን ከድንጋይዎ ስንት ወደ ሰሜን፣ ስንት ወደ ምሥራቅ እንደሚርቅ ደግሞ በወረቀቱ ጥግ በአንድ መስመር ጻፍኩ። ካርታ ላይ ሊያስቀምጠው የፈለገ ሰው ያቺን መስመር አንብቦ ያስቀምጠዋል፤ የሚሰፈረውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ንድፉ «ውድቅ» የሚል ቀይ ማኅተም ለብሶ ተመለሰ። ምክንያቱን ልጠይቅ ስመጣ የመዝገብ ቤትዎ ሹም ኡስታዝ ሐሺም ፎጣ ላይ የተዘረጋ የፉል ቁርሳቸውን ሳያቋርጡ ተቀበሉኝ።

«እስቲ ንገሪኝ እመቤቴ፣ ድልድይሽ የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«ኢዝበት ኑዋር ነዋ።»

«ወረቀትሽ እንደዚያ አይልም። ወረቀትሽ ዜሮ ላይ ነው ይላል። ዜሮ ደግሞ እዚህ ግቢያችን ያለው ድንጋይ ነው። ታዲያ ድልድዩን መኪና ማቆሚያችን ላይ ልትተክዪው ነው? ከምን ወደ ምን ልንሻገርበት ነው ደግሞ?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሻይ የሚያዞረው ሰውዬም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልዱ መጥፎ አልነበረም። መጥፎው ነገር ቀልዱ ውሳኔ ሆኖ መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው።

ሁለተኛ፣ በራስዎ ቢሮ ስለሰጡኝ አራት ደቂቃ አመሰግናለሁ። ለዚያች አራት ደቂቃ ሁለት ቀን ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ። ያልኩዎት ይህንን ነበር፦ ለመቁረጫ ማሽኑ የሚላከው ፋይል ለአንድ ቁጥር የሚሰጠው ቦታ ሰባት አኃዝ ያህል ብቻ ነው። ድልድዩ ከዜሮ አጠገብ ሲሆን ሰባቱም አኃዝ ለቀዳዳው ያገለግላሉ፤ ፀጉር ለመሰንጠቅም ይበቃሉ። ድልድዩን አርባ ሰባት ሺህ ሜትር ሲያርቁት ግን አምስቱ አኃዝ ለመንገዱ ስንቅ ሆነው ያልቃሉ፤ በቀሩት ሁለቱ ሴንቲሜትሩ ይጻፋል፤ ሚሊሜትሩን ማሽኑ በግምት ያጠጋጋዋል። አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ። እያንዳንዱ ላሜራ ለመቆረጥ ለብቻው ስለሚዘረጋ ሁሉም በየራሱ ይሳሳታል። የብሎኑ ውፍረት ሃያ ሚሊሜትር ነው፣ የቀዳዳው ስፋት ሃያ ሁለት፤ ያለን ትርፍ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስሕተቱ ግን አራት ሊደርስ ይችላል አልኩዎት።

እርስዎም ብዕርዎን ከድነው፦ «ልጄ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም። የሚሳሳተው ሰው ነው። ሰው ደግሞ እንዳይሳሳት ነው ሰርኩላር የሚወጣው» አሉኝ።

ይህን ቃልዎን አክብሬ ማስጠንቀቂያዬን በጽሑፍ አስገባሁ፤ በመዝገብ ቤትዎ ቁጥር ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሆኖ ገብቷል። መልስ አልመጣም። የመጣው ስልክ ነው፤ ድልድዩ ትምህርት ሳይከፈት ካልቆመ በጀቱ ወደ ሌላ መንደር ይዛወራል የሚል። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ድልድዩን በሙሉ መርጬ በአንድ ትእዛዝ አርባ ሰባት ኪሎ ሜትር ወሰድኩት። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ክቡ ማዕዘን አወጣ። መስመሮቹ ቀረብ ብዬ ሳያቸው ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ተያይዘው የነበሩ ጠርዞች ተላቀቁ። አየሁ፣ አወቅሁ፣ ፈረምኩም። እዚህ ላይ ስለ እርስዎ ሳይሆን ስለ ራሴ ነው የምናገረው፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ምፀት የተጻፈ ነገር ቢኖር «ፈረምኩ» የምትለው ቃል ናት።

ሦስተኛ፣ ኡስታ በርሱምን ስላስተዋወቁን አመሰግናለሁ፤ እኛ እናውቃቸዋለን ብለን እናስብ ነበር እንጂ «ሙያ የጎደለው» መሆናቸውን ያስተማረን የእርስዎ ኮሚቴ ነው። ኡስታ በርሱም በከተማችን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የብረት ወርክሾፕ ያላቸው የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው፤ «ኡስታ» የምንላቸውም የእጅ ሙያ ጌታ ስለሆኑ ነው። የወፍጮ ቤቶቻችንን ጣሪያ፣ የሩዝ መፈልፈያዎቻችንን መወጣጫ፣ የቤተ ክርስቲያኑንም የመስጊዱንም የብረት በር የሠሩት እሳቸው ናቸው። የመምሪያዎ ተቆጣጣሪ ማኅተም ያለበትን ፍላሽ ይዞ ማሽናቸው አጠገብ በቆመ ማግሥት ደወሉልኝ።

«ናግላ ልጄ፣ ይሄ የላክሽልኝ ቀዳዳ ነው ወይስ የኮከብ ሥዕል?»

ሁሉንም ነገርኳቸው።

«የቅርቡ ንድፍ አለሽ አይደል? እሱን ላኪልኝና እገላገላለሁ።»

«ተቆጣጣሪው አይፈቅድም ኡስታ። ማኅተም የሌለው ፋይል ማሽኑ ውስጥ ከገባ ሥራውን እንነጥቃለን ብለዋል።»

«እሺ፤ ቢያንስ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ገጥሜ ልሞክረው። ሦስት ቀን ስጡኝ በያቸው» አሉ።

አልኩ። ሦስት ቀን አልተሰጠም፤ ድንኳኑ ተተክሏል፣ የክቡራን እንግዶች መምጫ ቀን ተቆርጧል ተባለ። ኡስታ ከተቆረጡት ላሜራዎች አንዱን አንስተው በመለኪያ ለክተው ለተቆጣጣሪው ሲያሳዩት «አስተያየትዎ ተመዝግቧል» አላቸው። በእርግጥም ተመዝግቧል፤ ቆይቶ ኮሚቴው «አምራቹ ስሕተቱን አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ» ብሎ ጠቅሶታል። ለዚህ ጥበብዎ ምስጋና የሚሆን ቃል እስካሁን አላገኘሁም።

አራተኛውን በምስጋና ልጀምረው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

በተከላው ቀን መንደሩ ከጠዋት ጀምሮ በቦዩ ዳር ነበር። ሴቶች ፈጢራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ወንዶች ጋላቢያቸውን አጥበው፣ ልጆች አዲስ ቦርሳቸውን ትምህርት ሳይከፈት አንግተው መጡ። ክሬኑ የመጀመሪያውን ግማሽ ሲያሳርፍ እልልታ፣ ሁለተኛውን ሲያሳርፍ እልልታ። ከዚያ የኡስታ ሠራተኞች ብሎን ያዙ። አሥራ ዘጠኙ ገቡ። ሃያ ዘጠኙ ቀሩ፤ በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሲያዩ የሌላው ላሜራ ጠርዝ እንደ ጨረቃ ቁራጭ ተጋርዶ ይታያል። አንዱ ሠራተኛ መዶሻ አነሳ፤ ኡስታ እጁን ያዙት።

«አስቀምጥ። በዚህ ላይ ልጆች ናቸው የሚሄዱበት» አሉት።

ያኔ እርስዎ ከድንኳኑ ወጥተው መጡ። ሕዝብ ቆሞ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች ቆመው፣ የኡስታ ሁለት ወንዶች ልጆች ቆመው፦

«አንተ ሰውዬ፣ አርባ ዓመት ብረት ስትቆርጥ ቀዳዳ መብሳት አልተማርክም?» አሏቸው።

ኡስታ በርሱም ቆባቸውን አውልቀው መለሱ፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ «ክቡር ኢንጂነር፣ አራት ቀን ይስጡኝ። መጋጠሚያዎቹን ላሜራዎች ልጣላቸውና ከቆመው ብረት ላይ ካለው ቀዳዳ ላይ ካርቶን ለጥፌ ቅርጹን ላንሳ፤ አዲሶቹን በእጄ በትራፓኖ እበሳቸዋለሁ። ሰርኩላሩንም አልነካባችሁም።»

አራት ቀን፣ ክቡር ሆይ። እርስዎ ግን «ማኅተም ካለው ንድፍ ጋር የማይገጥም ላሜራ አልቀበልም» አሉ። ማኅተም ካለው ንድፍ ጋር የገጠመው ላሜራ ደግሞ ከድልድዩ ጋር አልገጠመም። ክሬኑ ሁለቱን ግማሾች አንሥቶ ሣር ላይ አስተኛቸውና ሄደ። ሴቶቹ ፈጢራቸውን ይዘው ተመለሱ። በሁለተኛው ሳምንት ኮሚቴዎ «የአሠራር ጉድለት» ብሎ ጻፈ፤ የኡስታ ወርክሾፕ ለመንግሥት ሥራ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ተፋቀ፤ ወሬው ከተማውን ሲዞር የግል ደንበኞቻቸውም አንድ ባንድ ቀሩ። ሁለቱ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ስዌዝ ሄዱ። በር ላይ ያለፈ ሰው «ኡስታ፣ ቀዳዳዋ ተገኘች?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። ወንበራቸውን ከበሩ ወደ ውስጥ አስገቡት።

ድልድዩም ሣር ላይ ተኝቶ አምስት ወር ከረመ። ዶሮዎች እንቁላል ጣሉበት።

የካቲት ላይ፣ ቦዩ ለዓመታዊ ጥገና ተዘግቶ ቆይቶ ውሃው በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ የጀልባዋ ሽቦ ገመድ ተበጠሰ። አሥራ አንድ ተማሪዎች ነበሩባት። ውሃው እየገፋ ወስዶ ከቦዩ የውሃ መዝጊያ በር ሲሚንቶ ጋር አላተማት። የትራክተር ሾፌሮች ገብተው ሁሉንም አወጡ፤ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ራባብ ግን ልትዘል ስትል ግራ እግሯ በጀልባዋና በሲሚንቶው መሐል ተቀረቀረ። ሆስፒታል ሄጄ ነበር። እናቷ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ማን እንደሆንኩ ስነግራት አልሰደበችኝም። እንዲህ ብቻ ብላ ጠየቀችኝ፦

«እኅቴ፣ ብረቱ እኮ እዚያው ከጎኗ ነበር። እሱን እያየች ነው የወደቀችው። ምን ጎድሎት ነው የተኛው?»

አራት ሚሊሜትር ልበላት? የእርስዎ መምሪያ ግን ለዚህም መልስ አላጣም፤ «ጀልባው በመምሪያችን ሥር አይተዳደርም» የሚል ወረቀት በሳምንቱ አወጣ። ራባብ ዛሬ የምትሄደው በሁለት ምርኩዝ ነው። ሐኪሞቹ አንዱን ልትጥለው ትችላለች ይላሉ።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ኡስታ በርሱም ወርክሾፕ ሄድኩ። ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ መብራቱን አልከፈሉም ወይም አላበሩም፣ አልጠየቅሁም።

«ኡስታ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ያኔ አራት ቀን ብለው ነበር። አሁንስ?»

ከወንበራቸው ተነሡና፦ «ካርቶን ይዘሻል?» አሉኝ።

ዓርብ በቦዩ ዳር እሳቸው ካርቶኑን ከብረቱ ላይ እየለጠፉ በጣታቸው ጫፍ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ጠርዝ ሲፈልጉ፣ እኔ ከእያንዳንዷ ቀዳዳ እስከ ጎረቤቷ ድረስ ለክቼ ስጽፍ ዋልን። ቅዳሜ ቀንና ሌሊት ላሜራውን በእጃቸው በሱ። እሑድ የመንደሩ ሰዎች ከአንድ ድንጋይ ፈላጭ ክሬን ለምነው አመጡ። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት፤ እንደ ፊተኛው ጊዜ ለፊርማ ስል አይደለም። አርባ ስምንቱም ብሎኖች ገቡ፤ የመጨረሻውን ዳዶ ኡስታ ራሳቸው አጠበቁት። ከዚያ ሁለት መቶ የአሸዋ ከረጢት ጫንበትና አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠን ጠበቅን። የጎበጠውም የተላቀቀውም ነገር አልነበረም። በአራተኛው ቀን ማለቂያ ላይ ሰው ተሻገረበት። እልልታ አልነበረም። ሰዉ ዝም ብሎ ነው የተሻገረው፤ አንዳንዱ ደርሶ ይመለስና እንደገና ይሻገር ነበር።

አምስተኛ፣ በሚያዝያ ወር መጥተው ከድልድዩ መግቢያ ላይ ስምዎ የተቀረጸበትን የእምነበረድ ሰሌዳ ስለተከሉ እናመሰግናለን። ሰሌዳው በአራት ብሎን ነው የታሰረው፤ አራቱም ገጥመዋል። በዚያው ሳምንት ኡስታ በርሱም «የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ በመነካካት» ተከሰው ማክሰኞ በመምሪያዎ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንዲቀርቡ መጥሪያ ደረሳቸው። ስለዚህ በአንድ ድልድይ ሁለት ጊዜ ተከስሰዋል፤ መጀመሪያ ስላልገጠመ፣ ኋላ ስለገጠመ።

ማክሰኞ እኔም እመጣለሁ። መልስ ያላገኘውን የማስጠንቀቂያዬን ግልባጭ፣ የቅርቡንና የሩቁን ንድፍ ጎን ለጎን፣ ከኡስታም የተረከብኳትን አንዲት ያልገጠመች ላሜራ ይዤ እመጣለሁ። ክሱ ላይ ስሜ ስለሌለ እንዲጨመር እጠይቃለሁ። የምለምንዎ ይቅርታ አይደለም። ሰርኩላሩን ይሻሩ፤ የሰውዬውን ስም ካወጡበት ዝርዝር ይመልሱ፤ ይህንንም በጽሑፍ ሳይሆን፣ ቀድሞ እንደሰደቧቸው ሁሉ፣ ሰው ባለበት በአፍዎ ያድርጉት።

ለክቡርነትዎ ከደረጃዎ ጋር የሚመጣጠን አክብሮት፣ ከትዕግሥቴም የተረፈውን ጥቂት ትሕትና እያቀረብኩ፣ መልስዎን እንደ ማስጠንቀቂያዬ አሥር ወር ሳይሆን አሥር ቀን እንዲያስጠብቁኝ ተስፋ የማደርግ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ የነበረች፣
ናግላ ሩሽዲ
ነዳፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አትሜ ስጨርስ፣ ከራስዎ መሥሪያ ቤት ስማቸውን የማልጠቅስ ሁለት ሰዎች አንድ ዝርዝር ይዘውልኝ መጡ፤ በሰርኩላር ቁጥር አሥራ አራት መሠረት ከድንጋዩ ተለክተው በዚህ ዓመት የተቆረጡ ሌሎች ሥራዎች ናቸው። ሁለት የውሃ ታንከር ማቆሚያ፣ አንድ የትምህርት ቤት ደረጃ፣ አንድ የእህል መጋዘን አለበት። ሁሉንም በእውነት ቢያስመረምሩ ይሻላል። የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው የዲሲፕሊን ኮሚቴው የሚሰበሰብበት የአዲሱ አዳራሽ የብረት ጣሪያ ነው፤ ብሎኖቹ በመዶሻ ተመትተው እንደገቡ ሰዎቹ ነግረውኛል። ኡስታ በርሱም ይህን ሲሰሙ ማክሰኞ ቀደም ብለው መጥተው መጋጠሚያዎቹን ሊያዩልዎ ፈቃደኛ መሆናቸውን እንድገልጽልዎ አዘውኛል። ነገር ግን በእርስዎ ፊርማ በወጣው ትእዛዝ መሠረት የመንግሥት ብረት መንካት ስለተከለከሉ፣ እባክዎ እስኪፈቅዱላቸው ድረስ ወንበርዎን ወደ በሩ ጠጋ ያድርጉት።